የአጥርህ ጉዳይ ድንበር ላይ ተነሳ

ወንድሜ ጎረቤቴ፣

ልጄ አጥርህ ላይ ሥዕል ሳለች ብለህ ፖሊስ ጠርተህ ማስጠንቀቂያ ያሰጠሃት ጊዜ፣ «ይቺን ይዘህ ውጭ አገር? ከድንበር ነው የሚመልሷችሁ» ብለኸኝ ነበር። ስማ እንግዲህ። የፓስፖርት ሠራተኛዋ «በፖሊስ ተጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?» ስትለን፣ «በፍጹም!» ልል አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ።

«እኔ ተጠይቄ አውቃለሁ። የጎረቤታችን አጥር ላይ ፈረስ ስዬ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል።»

«አጠፋሽው?»

«ራሴ ፈግፍጌ። አንድ እግሩ ብቻ እምቢ አለ።»

ሴትዮዋ ሳቋን አፍና ፓስፖርታችን ላይ ማኅተም መታች። ከኋላችን የተሰለፈ አንድ ሰውዬ ከንፈሩን ቢመጥ ዞሬ አፈጠጥኩበት። እዚያ ፖሊስ ጣቢያ እሷ ከጀርባዬ ተሸጉጣ እኔ ነበርኩ የምለፈልፈው። እዚህ እሷ ቀና ብላ ተናገረች፣ እኔ ሻንጣ ይዤ ቆምኩ። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ፖሊስ በመጥራትህ አሁንም ተናድጄብሃለሁ። የምጽፍልህ ፖስት ካርድ ሞላብኝ፤ ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ያቺ የቀረችው የፈረስ እግር ላይ ግን ቀለም እንዳትቀባ፤ ስመለስ ደጅህ ቆሜ አያታለሁ።