ከወረቀት ጋር የተጣለው ደብተር

ጆሊን፣

ፓስታው ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ። የውሻውን ውሃ ቀይሪለት።
እናትሽን አታኩርፊያት፣ እሷ የለችበትም።

ለከፍተኛው የአሜሪካ ታሪክ ትምህርት የክረምት ዕረፍትሽን ሙሉ የጻፍሽበትን ደብተር ከሚጣለው ወረቀት ጋር ያወጣሁት እኔ ነኝ። የወንድምሽ አሮጌ ደብተር መስሎኝ ነው። የቆሻሻ መኪናውን በነጠላ ጫማ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሮጬ ተከተልኩት፤ አልደረስኩበትም።

"አባቴ እንኳ አይደለህ፣ ዕቃዬን ማን ንካ አለህ!" አልሽኝ። ልክ ነሽ፤ ግን...
ይቅር።

መምህርሽ በራስሽ እጅ ካልተጻፈ አይቀበልም። ይህን እያወቅሁ ከመማሪያ መጽሐፍሽ የሁለት ምዕራፍ ማስታወሻ ጻፍኩልሽ፤ ሌላ የማደርገው ጠፋኝ። የቆምኩት የአሜሪካ ሰፋሪዎች "እባክህ ስማን" ብለው ለእንግሊዝ ንጉሥ ሲጽፉ፣ እሱ ደብዳቤውን አላይም ያለበት ላይ ነው።

አንቺ እንኳ እዚህ ድረስ ካነበብሽ፣ ስመለስ እንዳውቀው የበረንዳውን መብራት አብሪልኝ።

ከርት