የባልኔሪ ጣራ

ሰኞ፣ ሰኔ 5

ዝናብ። ትንኝ። ምሳዬን በግ ሊበላብኝ ነበር። እንደ ወትሮው ነው እንግዲህ።

የባልኔሪን ፍርስራሽ ለጥናት መቆፈር ከጀመርን ሁለተኛ ሳምንታችን። ከሩቅ ላየው ሣር የወረሰው የድንጋይ ክምር ነው። ለእኔ ግን ቤት ነው... እዚህ ምድጃው፣ እዚያ በሩ፣ ዝቅ ብሎ ከብቶቹ። ከብዙ ትውልድ በፊት የእናቴ ወገኖች ኖረውበታል። የመሬቱ ጌታ ቦታውን ለበግ ብሎ አባረራቸው፤ ቤቱንም ከነጣራው አቃጠለው። ይህን በሸለቆው የማያውቅ የለም። ያሳደገችኝ አክስቴ ኤፊ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ስታወራው ታለቅሳለች። የመታሰቢያ ድንጋዩ ቅዳሜ ሳምንት ይመረቃል። "በእሳት ጋየ" የሚል ይቀረጽበታል።

የቀረኝ የተቃጠለውን ጣራ ማግኘት ብቻ። አገኘዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 7

ከሰል የለም። አመድ ያለው ምድጃው ውስጥ ብቻ።

አብሮኝ የሚቆፍረው ፋርካር አካፋውን ተደግፎ፣ "ጨዋ እሳት ነበር ማለት ነው፤ ጠርጎ ነው የሄደው" አለኝ። ዝም በል አልኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 8

ወለሉን ጨረስን። የለም። ጣራ ነዶ ቢወድቅበት ኖሮ ወለሉ ይናገር ነበር።

ግድግዳው ላይ ግን ሌላ ነገር አለ... ጣራውን የተሸከሙት ጠማማ እንጨቶች የተተከሉባቸው ጉድጓዶች። ሦስት በዚህ፣ ሦስት በዚያ። ዙሪያቸው ያለው ድንጋይ አልፈረሰም። አንድ በአንድ ተነቅሎ ጎን ላይ ተደርድሯል። ቤቱ እየነደደበት ድንጋይ የሚደረድር ማነው?

አልተቃጠለም። እርግጠኛ ነኝ። ባል ስመርጥ ተሳስቼ ይሆናል፤ ቁፋሮ ላይ አልሳሳትም።

ለአክስቴ ማን ይነግራታል? እኔ ነኛ!

ቅዳሜ፣ ሰኔ 10

ነገርኳት።

"እና ምን ሆኑ? እንደ በግ ተነድተው ወጡ? ሂዱ ሲሏቸው እሺ ጌታዬ አሉ?"

"እሱን መቼ አልኩ..."

"አሁን አልሽ! ዕድሜዬን ሙሉ ያወራሁትን በዚያ መቆፈሪያ ማንኪያሽ ጭረሽ አጠፋሽው።"

"ድንጋይ ላይ ውሸት አላስጽፍም፣ አክስቴ።"

"እንግዲያው ከቤቴ ውጪልኝ።"

ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው የገባኝ... ያንገበገባት የእሳቱ ነገር አይደለም። እሳቱ ከሌለ የፈሪ ዘር ልትባል ነው። እውነቱን ግን አልቀይርም። ለእሷም ቢሆን።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 13

ደወለች። ሰላምታ የለም። "ላሟ እግሯን አሟታል። የሚይዝልኝ የለም።"

ሄድኩ። እንደተኳረፍን በረት ገባን። እኔ ቀንዷን ያዝኩ፣ እሷ ሰኮናዋን ታጥባለች። ቀና አልኩ... ስንት ጊዜ ገብቻለሁ እዚህ! ከግድግዳው ተነስተው አናት ላይ የሚገናኙ ጠማማ እንጨቶች። ሦስት ጥንድ። ጥቀርሻቸው እንደ ሬንጅ የደረቀ።

"አክስቴ፣ እዚህ ውስጥ እሳት ተነዶ ያውቃል?"

"ከብት ቤት? ላም እሳት አታነድም።"

"ታዲያ ጥቀርሻው ከየት መጣ?"

ቀና ብላ አየች። እጇ ቆመ።

ዛፍ ብርቅ በሆነበት በዚያ ዘመን ግድግዳው የጌታው፣ የጣራው እንጨት የጭሰኛው ነበር። ይህንን ሳስተምር ነው የምኖረው፤ እንዴት አልታየኝም? የእንጨቶቹን እግር ለካሁ። ባልኔሪ ወጥቼ ጉድጓዶቹን ለካሁ። ልክክ! ፋርካር አላመነኝም፤ ደግሞ ለካ። ልክክ።

ተመልሼ ነገርኳት። ጥቀርሻው የባልኔሪ ምድጃ ጭስ ነው፤ ጣራቸውን ነቅለው ተሸክመው እዚህ ድረስ አመጡት አልኳት።

"ያን ሁሉ ተራራ?"

"ያን ሁሉ ተራራ።"

መዳፏን እንጨቱ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ የዛሬው ግን የድሮው ልቅሶ አይደለም። እኔም አልቀረልኝም። ላሟ ረገጠችኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 17

ተመረቀ። ፀሐይ ወጣች፣ ትንኙም አብሯት። ድንጋዩ ላይ የቦታውና የቤተሰቡ ስም ብቻ ነው ያለው። ሌላውን አክስቴ አስቀረችው። "አፍ አለኝ፤ እኔ እናገረዋለሁ" ብላ።

ዘመድ ከየአቅጣጫው መጣ። ንግግር ጽፌ ነበር። መች ዕድል ሰጠችኝ! የጣራውን ጉዞ እሷው ተረከችው፤ ደግሞ ያልነበረ አውሎ ነፋስ ጨመረችበት። ለአውሎ ነፋሱ ማስረጃ የለም ብዬ ላንሾካሹክላት ስል ፋርካር በክርኑ ጎሸመኝ። ተውኩት።

ከካናዳ የመጣ አንድ ዘመዳችን ዘግይቶ ደረሰ። ፍርስራሹን እያየ አንገቱን ነቀነቀና፣ "ታዲያ ያቃጠለው የትኛው ጌታ ነው?" ብሎ ጠየቃት።

አክስቴ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"ማንም! ምን አግኝተው ያቃጥላሉ? ጣራው እኛ ትከሻ ላይ ነበር።"