ላሟ ያልበላችው እግር

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 28

የሂሳብ ፈተና ተመለሰ። ከሃምሳ ሠላሳ አንድ። ናቪን አርባ አራት አምጥቶ ወረቀቱን እንደ ባንዲራ ሲያውለበልብ ዋለ።

ስመለስ አንዲት ላም የቤታችን ግድግዳ ላይ ያለውን ፖስተር ታሸታለች። ምላሷን አውጥታ አንዴ ላሰችውና ፊቷን አጨማደደች። ላም ፊቷን ታጨማድዳለች? ይህቺ አጨማደደች። ትታው ሄደች። ሳቄ መጣ። ለዲዲ ልነግራት ወደ ውስጥ ሮጥኩ… ደረጃው መሃል ላይ ትዝ አለኝ።

ዲዲ፣ ታላቅ እህቴ፣ ከሞተች ሰባ ቀን አልፏል። እግሬ ግን ገና አልሰማም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 30

የዲዲ ነጠላ ጫማ አሁንም በር ላይ ነው። ስንጠርግ ዙሪያውን እንጠርጋለን።

እሑድ፣ ኦክቶበር 4

እትዬ ሻራዳ መጡ። ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። የሴቶች ማኅበራቸው ያለ ዲዲ ጭር ብሏል አሉ። የመጡት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ዴልሂ ያሉ ሴቶች ከየከተማው የሰልፍ ፖስተር እየሰበሰቡ ነው። የአሥር ዓመት። የጥሎሹን፣ የዋጋ ንረቱን፣ የመጠጥ ቤቱን ተቃውሞ፣ ሁሉንም። ነገ አንዱ ተነሥቶ ሴቶቹ ዝም ብለው ነበር ቢል፣ ወረቀቱ ይመልስለታል አሉ።

እማ እናንተ ስንት አላችሁ ብላ ጠየቀች።

«አንድም» አሉ። ሳቁ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ለካ ያተሙትን ሁሉ ሲለጥፉ ኖረዋል። ለራሴ አንድ ላስቀር ያለ የለም። የመጀመሪያውን ዓመት እንዲያውም ሙጫውን የሠሩት በጥሩ የስንዴ ዱቄት ነበር። ሲነጋ ላሞቹ የመንገዱን ፖስተር በሙሉ በልተው ጨረሱት። «የዚያን ዓመት ሰልፍ የሰሙት ላሞች ብቻ ናቸው» አሉ። ሙጫው ውስጥ መራራ የኒም ቅጠል መቀቀል ያመጣችው ዲዲ ናት። ከዚያ ወዲህ ላም ቀምሳ ትተዋለች። የዘንድሮውን ደግሞ ዝናቡ ወሰደው። የኛው ብቻ ሰገነቱ ጋርዶት ተረፈ።

በ25 ፎቶ አንሺ ይዘው ይመጣሉ።

ሲወጡ ፖስተሩ ፊት ቆሙ። ቀይ ነው። የሴት ባዶ እግር የበር መድረክ ሲሻገር። ከሥሩ፦ ይህ እግር መንገድ ያውቃል። ጥጉ ተቀዷል። አውራ ጣቱ የለም። ማን ቀደደው አሉ።

ፍየል ይሆናል አልኩ።

እማ ዞር ብላ አየችኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 8

የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቱላራም ሻይ ሊጠጡ መጡ። ስኳር ሦስት ማንኪያ። ለዲዋሊ፣ ለመብራቱ በዓል፣ መንገዳችን ከዳር እስከ ዳር ኖራ ይቀባል። የመንገዶች ውድድር አለ። በ17 ቀቢው ይመጣል።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ራጉናት ወንድሜ፣ ያ ወረቀትም በዚያው ይሸፈንልሃል። የሄደች ልጅ ትረፍ» አሉ።

አባባ ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ነው? ወይስ አንገቱ ደክሞት? እሺ ማለቱ ነው።

በ17 ኖራ። በ25 ፎቶ። ስምንት ቀን።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 10

እርጥብ ጆንያ ለጥፌበት ቀስ ብዬ ላላቅቀው ሞከርኩ። ዳሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ወዲያው ተውኩት። ዲዲ ስትለጥፍ እንዲነሳ አድርጋ አትለጥፍም። ጥፍሬ ውስጥ ሙጫ ገብቶ ሳላስበው አፌ ከተትኩት። መረረኝ።

ልጻፈው። ሌላ የሚያነበው የለም።

ፍየል አይደለም። እኔ ነኝ። ኤፕሪል ላይ። ናቪን ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «የእህትህ እግር መንገድ ያውቃል አሉ፤ እስቲ እኛም ቤት ይምጣ» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔስ? ፈገግ አልኩ። ፈገግ! ቤት እንደደረስኩ ፖስተሩን በሁለት እጄ ያዝኩት። የተነሳልኝ ጥጉ ብቻ ነው። ጣቴ አፌ ውስጥ ገባ፣ መረረኝ፣ ምራቄን ተፋሁ። ዲዲ ሰገነቱ ላይ ሆና ለካ ታየኛለች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ቀመስከው?» አለች። «ላሟም መጀመሪያ እንዳንተ ነበረች።»

ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ነገ እያልኩ ጁላይ ደረሰ። የወፍ በሽታ በዘጠኝ ቀን ወሰዳት።

ቁራጩ ጂኦግራፊ ደብተሬ ውስጥ ነው። አውራ ጣት፣ ቀለበት ያለው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 13

አባባን ለመንኩት። እስከ 25 ብቻ፣ አልኩት። ጋዜጣውን አላወረደም። ስሟ በሰው አፍ ሲንገላታ አንተ አልሰማህም አለኝ።

ሰምቻለሁ አልኩ። ከአንተ የበለጠ ሰምቻለሁ።

አባባ አንድ ገጽ ገለጠ።

አርብ፣ ኦክቶበር 16

ናቪን ዛሬም ጀመረኝ። ግድግዳችሁ ነገ ይቀባል አሉ አለኝ። አልሳቅሁም። ከሁሉም ፊት ቆሜ፣ የእህቴ እግር የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር፤ የአንተ ግን ካልተጠራ እስከ ሰሌዳው እንኳ አይሄድም አልኩት። አሪፍ መልስ አይደለም። ግን መለስኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 17

ቀቢው በጠዋት መጣ። ባልዲ፣ መሰላል፣ ረጅም ብሩሽ። የጎረቤቱን ጨርሶ ወደኛ ሲዞር ፖስተሩ ፊት ቆምኩ። ጀርባዬን ለጥፌ። ዞር በል ማሙሽ አለኝ። አልዞርም። ሸሚዜ ላይ ኖራ ተንጠባጠበ።

ቱላራም መጡ። «ምነው፣ አንተም ፖስተር ሆንክ?» አሉ። ሰው ተሰበሰበ፣ ሳቁ። አባባ በር ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

ከዚያ እማ ወጣች።

እማ ቱላራም ባሉበት ፊቷን ሳትሸፍን ወጥታ አታውቅም። ከአባባ ታላቅ ናቸው፤ በባል ታላቅ ፊት ሴት ትሸፈናለች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የሳሪዋን ጫፍ እስከ አገጯ ስትስብ ኖራለች። ዛሬ አልሳበችውም። ሳሪው ትከሻዋ ላይ እንደሆነ ቀረ።

«ይህ ቤት ሐዘን ላይ ነው» አለች። «ሰው የሞተበት ቤት ዓመቱ ሳይሞላ ለዲዋሊ ኖራ አይነካውም። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ይህን ያስተማሩኝ የእርስዎ እናት ናቸው።»

ቱላራም፣ ያ ደንብ ለውስጡ ግድግዳ ነው አሉ። እማ፣ ሐዘኑስ በውስጥ በኩል ብቻ ነው እንዴ አለች።

ቀቢው፣ እናንተ እስክትስማሙ ኖራዬ ረጋ እኮ አለ።

አባባ ቀና አለ። እማን አየ፣ ፊቷን። ከዚያ ቀቢውን።

«ዝለለው» አለ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 22

ዲዋሊ። እኛ ቤት መብራት የለም፣ ጣፋጭም የለም። መንገዱ በሙሉ ነጭ ነው። መሃሉ ላይ የኛ ግድግዳ፣ ቡናማ፣ በላዩ ቀይ እግር። ድሮ ሳያዩት የሚያልፉት ሰዎች ዛሬ ቆመው ያነቡታል። ልጆች ጮክ ብለው ያነቡታል። ቱላራም በገዛ ኖራቸው ፍሬም ሠሩለት!

ዲዲ ብታይ… ሳቋ እስከ ባቡር ጣቢያ ይሰማ ነበር።

እሑድ፣ ኦክቶበር 25

እትዬ ሻራዳና ፎቶ አንሺዋ መጡ። ሴት ናት። ካሜራውን ስታስተካክል ደብተሬን አምጥቼ ቁራጩን አወጣሁ። እኔ ነኝ የቀደድኩት አልኩ። ለሁሉም። እማ፣ «አውቃለሁ፣ የዚያን ቀን አፍህን ስትጉመጠመጥ ነው የዋልከው» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

እትዬ ሻራዳ የሚሞላ ወረቀት ይዘዋል። ቦታ፣ ዓመት፣ የሠራው። የዲዲን ስም ይጻፉ አልኩ። ማኅበሩ በስም ፈርሞ አያውቅም፣ እሷም አትፈልግም ነበር አሉ። ልከራከር ስል እማ ገባችበት።

«የእግሩን ባለቤትስ ይጽፋሉ?»

ሁላችንም ዞርን። እማ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። የሳሪዋን ጫፍ ትንሽ ከፍ አደረገች። ቀኝ እግሯን በራችን መድረክ ላይ አኖረችው። የተሰነጠቀው ተረከዝ… የጣቱ ቀለበት… ወደ ውስጥ ያዘነበለችው ትንሿ ጣት።

«ወጥ ቤት ውስጥ ነው በእርሳስ የነደፈችው። እየኮረኮረኝ ሁለቴ አበላሽቼባታለሁ» አለች። «ስሜን ላክሽሚ ብለው ይጻፉ።»

አባባ እግሩን አየ። ግድግዳውን አየ። ስድስት ወር ሙሉ በሚስቱ እግር ሥር ሲገባ ሲወጣ ኖሯል። የሚናገር መሰለኝ፤ ወደ ውስጥ ገባ። በቃ፣ ተቆጣ አልኩ።

ጣቱን መልሼ ልለጥፍ የሙጫውን ዱቄት ምድጃ ላይ ሳማስል ከኋላዬ መጣ። እፍኝ ሙሉ የኒም ቅጠል ይዟል። ድስቱን አይቶ፣ ለአንድ ጣት ይህን ሁሉ ሙጫ ምን ያደርጋል አለኝ።

ለአንድ ጣት አይደለም አልኩት። ዲዲ ፖስተሩን ያተመችበት የጨርቅ ወንፊት አልጋዬ ሥር ነው። ቀይ ቀለሙ አልደረቀም። የሐዘኑ ዓመት ጁላይ ላይ ያልቃል፤ ያኔ ኖራው ይመጣል። እስከዚያ ከተማው ውስጥ ስንት ግድግዳ አለ?

አባባ ቅጠሉን ድስቱ ውስጥ ጨመረው።

ጣቱን ቦታው መለስኩት። ፎቶው ተነሳ። ሙሉ እግር።

ከዚያ ሙጫ የነካውን ጣቴን ላስኩት። ዛሬ አልተፋሁም።