ከባንክ ነኝ ያለው ሰውዬ

ባንክ ቤት ሦስተኛው መስኮት ላይ ለምትቀመጪው ጓደኛዬ፣

ፖስት ካርዱ ላይ ያለው ሐይቅ ከክፍሌ አይታይም፤ ከክፍሌ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ትናንት ከምሳ በኋላ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ የተቀደደ ካልሲዬን ስሰፋ ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ከባንክ ነኝ። የኤቲኤም ካርድዎ ሊዘጋ ነው» አለኝ አንድ ትሁት የወንድ ድምፅ። እዚህ ሰው አገር ከመጣሁ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በቋንቋዬ ያናገረኝ ሰው አልነበረምና ልቤ ስፍስፍ አለ። የምስጢር ቁጥሬን ሲጠይቀኝ ግን ሌባ መሆኑ ገባኝ። «ባንክ የምስጢር ቁጥር አይጠይቅም፣ ጆሮው ላይ ዝጋበት» እያልሽ ስንት ዓመት ጨቅጭቀሽኛል! ልዘጋበት ስል እጄ እምቢ አለኝ።

«ቁጥሩን ተወውና፣ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?» አልኩት።

«ጠዋት ዘንቧል» አለ ግራ ገብቶት።

«እናትህስ ደህና ናቸው?» ስለው ስልኩን ዘጋው። እኔ ልዘጋበት የሚገባኝ ሰውዬ ቀደመኝ።

እናንተ ቤት ስልክ ሲጮህ ሦስት ሰው ይሻማበት የለ? እኔን ሌባው እንኳ ሰለቸኝ።

አትስጊ፣ ከኤቲኤም ካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውዬ ለባንኩ አስታውቄያለሁ፤ የምስጢር ቁጥሩንም ቀይሬዋለሁ። አዲሱን እዚህ አልጽፈውም፣ ፖስተኛው ያነባል፤ ለሱም ሰላምታዬ ይድረሰው። እናትሽንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ቦታ አለቀብኝ። ከምክርሽ አንዷን ብቻ አልቻልኳትም፤ «የማታውቀውን ቁጥር አታንሳ» ያልሽኝን። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ አነሳዋለሁ።