ሁለቱ ነጥቦች

ይድረስ ለልጄ ለአስካለች፣ ጅቡቲ። እመቤቴ በሄድሽበት ሁሉ ከፊት ከኋላሽ ትሁን። እኔ ደህና ነኝ። የአባትሽ አርባ ካለፈ ወዲህ ይህችን ወረቀት ስጽፍ ሳምንት ሞላኝ። ጎረቤታችን ዳሲቱ በፊደሎቹ ራስ ላይ ያኖርኳቸውን ነጥቦች አይታ፣ «እትዬ መሰለች፣ ብዕርዎ ያንጠባጥባል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ነጥቦቹ የአባትሽ ናቸው። በባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ማንበብ ሲያስተምሩኝ፣ ጠበቅ ተደርጎ በሚነበበው ፊደል ራስ ላይ በቀይ እርሳስ ሁለት ነጥብ ያኖሩልኝ ነበር። «እዚህ ጋ ድምፁ ሁለት ነው፣ እንደ እኔና እንደ አንቺ» ይሉኝ ነበር። አሁን ብቻዬን ስጽፍም ሁለቱን አኖራለሁ።

ልጅሽ አያቷን ሳታይ ቀረች። እባክሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ ነጥቦቹ ጋ ስትደርሺ እንደ እሳቸው ጠበቅ አድርጊው። በዚያ ትስማቸው።

አምላክ ሁለታችሁንም በጤና ያቆይልኝ።

እናትሽ መሰለች፣ አቃቂ