እስኪዘጋ ድረስ የማይከፈተው የመጋዘናችን በር

ለተከበሩ የስደተኞች መጠለያችን ሙዲርና አስተዳዳሪ ለአቶ አብዱልናስር፣ ካሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ጥላ የረጋ፣ ምሳዎም እንደ ወትሮው በሰዓቱ የሚደርስ ይሁንልዎ እያልኩ እጅ እነሳለሁ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሽማግሌ ስለሆንኩ ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ጋረደው ነው፤ ወደ ዓረብኛ የምትመልስልዎ አስተርጓሚዎ ራዲያ ናት፤ እሷም ለእርስዎ አዝና ቃሌን እንዳታለሰልስ በፊቴ ምላለች። ደብዳቤውን ያላሸግሁት ደፍሬ ሳይሆን ሕዝቡም እንዲሰማው በሩ ላይ ስለሚለጠፍ ነው።

የምጽፈው ትናንት ለላኩልኝ ትእዛዝ መልስ ነው። «ጋፊሩ እስከ ነገ በማናቸውም መንገድ በሩን ይዝጋ፤ ካልዘጋ ከዘበኝነቱ ይባረራል» ብለዋል። ጋፊሩ እኔ ነኝ። በሩ ደግሞ ድሮ የካሚዮን ጋራዥ፣ ዛሬ እናንተ ዱራ የምትሉት የእርዳታ ማሽላ መጋዘን የሆነው የቆርቆሮ ቤት በር ነው፤ በብረት መስመር ላይ ተንሸራቶ ሊገጥም አንድ ስንዝር ሲቀረው ቀጥ ይላል። እርስዎም በጥበብዎ፣ በወጉ ያልተዘጋ መጋዘን በወጉ ተከፈተ ሊባል ስለማይችል በሩ እስኪዘጋ እህል አይታደልም ብለው ካወጁ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀናችን ነው። የልጄ ሚስት እናኑ ጡቷ ደርቆ የአራት ወር ልጇን ሙሉዬን በውሃ እያታለለቻት ነው። ሕፃኗ ስለ በር ገና የምታውቀው ነገር ስለሌለ ለቅሶዋን ይቅር ይበሉልን።

ለበሩ ስለደከሙት ድካም ግን ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከገዳሪፍ መሐንዲስ ስላስመጡልን እናመሰግናለን። መሐንዲሱ በሩን ከውጭ ለካው፣ ከውስጥ ለካው፣ እኔንም አጠገቡ ቆሜ ስላገኘኝ ለካኝ። ጥፋቱ የብረቱ መስመር መሆኑንና አዲሱ በመርከብ እንደሚመጣ ነግሮን ሄደ። ባሕሩ ከዚህ ስንት ቀን መንገድ ነው ብዬ ብጠይቅ ራዲያ «አያ ቱርካ፣ እሱንስ ይተዉት» አለችኝ።

ሁለተኛ፣ መስመሩ ዝጓል ተብሎ ለእኛ ከመጣው የምግብ ዘይት ሦስት ቆርቆሮ ስላፈሰሱለት እናመሰግናለን። ዘንድሮ በዚህ መጠለያ ጠግቦ ያደረ ያ ብረት ብቻ ነው። በሩም ቀድሞ ሲጥ ሲጥ እያለ ነበር የማይዘጋው፤ አሁን ድምፁን አጥፍቶ ነው የማይዘጋው።

ሦስተኛ የድንጋዩ ነገር ነው። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ ተበዳዩም ይቅር ሲል ያወርድለታል። እኛም ምን እንዳጠፋን ባናውቅም፣ እህል የሚከለክል ሰው መቼም አንድ ነገር ቢያስቀይመው ነው ብለን፣ አራት ሽማግሌዎች ድንጋይ በጫንቃችን አድርገን ደጅዎ ቆምን። እርስዎ ብድግ ብለው በገዛ እጅዎ ሲያወርዱልን ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም፣ አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ለካስ ለበሩ መደገፊያ ይዘን የመጣን መስሎዎት ኖሯል! «ታማም! ታማም!»፣ ግሩም ነው ማለትዎ ነው፣ እያሉ አራቱንም በሩ ሥር አስወሸቋቸው፤ የስንዝሩ ክፍተትም ስንዝር ተኩል ሆነ። የሆነ ሆኖ ድንጋዩን አውርደዋልና፣ እርስዎ ባያውቁትም፣ በእኛ ሕግ ታርቀናል።

አራተኛውን ጋረደው «ይሄስ ስድብ ነው፣ አልጽፍም» ስላለኝ ይቅር።

አምስተኛ፣ ክፍተቱን በጀርባዬ ደፍኜ እንድውል ስላዘዙኝ እናመሰግናለን። ሰባ ዓመት ሰው ነኝ ስል ኖሬ በእርስዎ ዘመን መዝጊያ ለመሆን በቃሁ።

አሁን ያልጠየቁኝን ልንገርዎት። እኔ አርማጭሆ ሳለሁ ስንት ጎተራ የሠራሁ፣ ለሁለት ቤተ ክርስቲያን በር የገጠምኩ ሰው ነኝ። በሩ ምንም አልሆነም፤ መስመሩም አልጎበጠም። ጆንያው እስከ በሩ አፍ ጢም ብሎ ተደርድሮ ሆዱን ወደ ውጭ ስለገፋ ነው ቆርቆሮው ከመስመሩ የሚወጣው። በአጭሩ፣ በሩ የማይዘጋው እህሉ ስላልታደለ ነው፤ እህሉ የማይታደለው በሩ ስላልተዘጋ ነው። ይህን ለመሐንዲሱ ብነግረው የት ተማርክ አለኝ። ተርቤ፣ አልኩት።

በትእዛዝዎ ጸንቼ፣ በክፍተቱ ነፋስ ወገቤ ተይዞ፣ ከጋፊርነቴ በቀር የሚወስዱብኝ እንደሌለ እያስታወስኩ፣ ለከፍተኛ አስተዋይነትዎ ዝቅ ብዬ የምሰናበት፣

ቱርካ ገብረ ሥላሴ
(የአውራ ጣቴ አሻራ ነው፤ ጥቁረቱ ቀለም ነው፣ ንዴት አይደለም)
ሰኔ ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.፣ ከዶካ መንገድ ዳር

ማስታወሻ፦ ትእዛዝዎ «በማናቸውም መንገድ» ስለሚል፣ ይህ ተጽፎ ሳያልቅ ድንጋዮቹን ከሥሩ አንስቼ በሩን የገፉትን ሠላሳ ስድስት ጆንያዎች አስወጣሁ። ውጭ ብተዋቸው ዝናቡ ያበላሽብዎታል ብዬ በየድንኳኑ አስገባኋቸው፤ እናኑም የደረሳትን ከአደጋ ለማትረፍ እየቀቀለችው ነው። በሩ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፤ መጥተው በእጅዎ ይሞክሩት። ተመልሶ እንዳይዘጋ የፈለጉ እንደሆነ ግን ቀላል ነው፤ እህል ይጨምሩበት።