ኢሌቲና የኦቦ ደበላ ሬዲዮ

የሌንሴ አባት፣

አፈር ካለበስንህ አንድ ክረምት አለፈ፤ ሁለተኛው ደግሞ ይኸው ጣሪያውን እየደበደበ ነው። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፣ ያለህበትን አውቃለሁና። ስለ እኛ ግን ሳትጠይቀኝ ልንገርህ፤ በሕይወት አለን፣ ጤና ነን፣ እንፈራለን። ይህችን ወረቀት እንኳ የምጽፍልህ የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ፣ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር የስኳር መጠቅለያ እየደረብኩባት ነው። ከአንተ ጋር በኦሮምኛ ተጣልቼ በኦሮምኛ ስታረቅ ኖሬ፣ ስጽፍ ግን እጄ የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ነው። ታግሰህ አንብብልኝ።

ቤቱ ትንሽ ተቀይሯል። ሬዲዮ የምትጠግንባት የፊት ክፍል ሱቅ ሆናለች። አባቴ «አንቺ እኮ የጉራጌ ልጅ ነሽ፣ ንግድ አያቅትሽም» እያለ ገፋፍቶኝ ጨው፣ ሳሙናና ክር እሸጣለሁ። ጠረጴዛህን አልሸጥኩትም፤ ስትበይድ እርሳስ ጠብ ጠብ ያለበት ቦታ ላይ አሁን ሚዛን ቆሟል። ከጊምቢና ከአርጆ ሬዲዮ ይልኩልህ የነበሩ ሰዎች መሞትህን ሳይሰሙ አሁንም ይመጣሉ፤ ስነግራቸው ሬዲዮናቸውን አቅፈው ደንግጠው ይቆማሉ። ጸሎት ቤታችሁ እንደታሸገ ነው። ሌንሴ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። ጣቶቿ ግን የአንተ ናቸው፣ ያገኙትን ሁሉ ይፈታሉ። የምጽፍልህም በእነዚህ ጣቶች ስለመጣብን ነገር ነው።

ኢሌቲን መቼም አትረሳትም። የሆስፒታሉ የውጭ አገር ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ የልጁን የተሰባበረ መጫወቻ መኪና ጥሎት፣ አንተ እንደ አራስ ልጅ አቅፈኸው መጣህ። ከመኪናው የተረፈው ከሩቅ የሚነዳበት አንቴና ያለው ሳጥንና ሆዱ ውስጥ ያለው መቀበያ ብቻ ነበር። እኔ ቤቱን በቆሻሻ ሞላኸው ብዬ ጮህኩ፤ አንተ ከሥራ በተረፈችህ ሰዓት ሁሉ አዲስ ገላ ትሠራላት ጀመር። ሞተሩን ከተበላሸ ቴፕ ፈታኸው፤ ዳገት አልችልም ሲል ሽቦውን አውልቀህ በወፍራም ሽቦ እንደገና ጠመጠምክለት። ጎማዎቿን ከአሮጌ በረባሶ ጫማ ቆርጠህ ጥርስ አወጣህላቸው። እግሮቿ እንዲነጥሩ የእስክሪብቶ ሞላ ስትለቅም የመንደሩ ተማሪ ሁሉ እስክሪብቶውን ደበቀብህ። ገላዋ የዘይት ጣሳ ነበር።

መጀመሪያ የለቀቅሃት ቀን ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከጓሯችን ያለውን ቀይ ዳገት ጭቃ እየረጨች ሽቅብ ወጣችው፤ የጎርፉን ቦይ ዘላ በአራት እግሯ አረፈች። ሌንሴ «ኢሌቲ! ኢሌቲ!» እያለች ተከተለቻት፣ ጥንቸል ስትል ነው፣ እውነትም ትመስል ነበር፣ ስሟም በዚያው ጸና። አንተ ፊትህን ጭቃ ሸፍኖት ስትስቅ ጥርስህ ብቻ ይታይ ነበር። ባኬ ጃማ ሰፈር ከገባን ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። ያቺን ቀን ሳስብ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ግን ፍርሃቱ ይይዘኛል።

ኢሌቲ በተነሳች ቁጥር የጎረቤታችን የኦቦ ደበላ ሬዲዮ ዘይት እንደጋለበት መጥበሻ ይንጫረር ነበራ። ኦቦ ደበላ እንደምታውቃቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የቀን ዜና ሳይሰሙ ምሳ የማይቀምሱ ሰው ናቸው። አንተም እሷን የምትነዳት ለምሳ ስትዘጋ ነበር። ሽማግሌው ሬዲዮናቸውን ተሸክመው አንተው ዘንድ መጡ፤ እዚህ ሲከፈት ደህና ነው፣ ቤታቸው ሲመለስ ይንጫረራል። ምክንያቱ ሲገባህ ሳቅህ። ሞተሩ ሲዞር ውስጡ ያሉት ካርቦኖች እየተፋተጉ ብልጭ ይላሉ፣ ሬዲዮውን የሚበጠብጠው ያ ብልጭታ ነው አልከኝ። አንድ ቀን ካርቦን የሌለው፣ ምንም የማይፋተግበት ሞተር ይመጣል፣ ያኔ ኢሌቲ የማንንም ሬዲዮ ሳትነካ ትሮጣለች አልክ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ።

ለሽማግሌው ሳትነግራቸው ነገሩ ቀበሌ ደረሰ። ኦቦ ደበላ ክፋት የላቸውም፤ ስብሰባ ላይ ተነስተው የመንግሥት ንግግር ሲተላለፍ ሬዲዮኔን አንድ ነገር እየበጠበጠው ተቸገርኩ አሉ፣ በቃ። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ሌላ ነገር ሰማ። በመካከላችን ለወንበዴ ወሬ የሚያቀብልበት የመገናኛ ሬዲዮ የደበቀ ሰው አለ አለ። በዚያ ሰሞን ከጨለለቂ ሰፈር አንድ ወጣት ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ሄዶ አልተመለሰም ነበር። አንተ ኢሌቲን ከነሳጥኗ በማዳበሪያ ጠቅልለህ ኮርኒስ ላይ ሰቀልካት። ከዚያ በኋላ ምግብ እምቢ አለህ፤ ቆይቶ ዓይንህ ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ ጉበት ነው አለ፣ ሰው ፍርሃት ነው አለ። እኔ ሁለቱንም አምናለሁ። በልቅሶህ ኦቦ ደበላ ከእድሩ ድንኳን አልወጡም፤ ሬዲዮናቸውንም እስከ ሰልስትህ አልከፈቱም።

በዚህ ክረምት መግቢያ ኮርኒሱ አፈሰሰ። ሌንሴ ባልዲ ላስቀምጥ ብላ ወጥታ ኢሌቲን አገኘቻት። የሞተሩ ካርቦን አልቆ ነበር፤ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብራ፣ ከመሃሉ ያለውን ጥቁር ዘንግ ሞርዳ፣ አንተ ስታደርግ እንዳየችው ተካችው። እኔ ከገበያ ስመለስ ኢሌቲ ጓሮ ትጋልባለች፣ በአጥሩ ማዶ ሬዲዮው ይንጫረራል። የተሸከምኩት ጨው ከእጄ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ቤት ለቤት ፍተሻ እንደሚደረግ ቀበሌው አስነገረ።

ኢሌቲን ከነሳጥኗ ሽንት ቤት ልጥላት ብዬ ወሰንኩ። ሌንሴ አላለቀሰችም፣ በሩ ላይ ቆመችብኝ። «አዮ፣ የአባ ዕቃ ሁሉ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ የሚንቀሳቀስ እሷ ብቻ ናት» አለችኝ። ገፍቻት አለፍኩ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሼ ሳጥኑን ሳየው አውራ ጣትህ ሲመላለስ ያለሰለሰው ቦታ አለ። ጣቴን እዚያ ላይ አሳረፍኩት። ይዣት ተመለስኩ። ስመለስ ግን ለአንድ ሳጥን ብዬ ልጄን አሳልፌ የሰጠኋት መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ መጡ። ሊቀመንበሩ፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች፣ ለምስክርነት ደግሞ ራሳቸው ኦቦ ደበላ። ሳጥኑን ከነኢሌቲ ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡት። ሊቀመንበሩ አንቴናውን ስቦ አስረዘመውና ይህ ምንድን ነው አለኝ። መጫወቻ ነው ብል አሳዪን ይላል፤ ካሳየሁት የኦቦ ደበላ ሬዲዮ በአጥሩ ማዶ ይጮህና ሲፈለግ የኖረው ነገር እኛ ቤት መሆኑ ይታወቃል። ዝም ብል ደግሞ አንቴና ያለው ሳጥን ሌላ ማስረጃ አያሻውም። በሆዴ አንተን ጠራሁህ። ሌንሴ ግን ቀድማ ሳጥኑን በሁለት እጇ ከሰውዬው ተቀብላ ጓሮ ወጣችና ኢሌቲን መሬት ላይ አኖረቻት።

ኢሌቲ ዳገቱን ይዛ ወጣች። አንደኛው ጠባቂ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ ሳቀ። ዜናው ተጀምሮ ነበርና ኦቦ ደበላ ሳይዘጉት የመጡት ሬዲዮ በአጥሩ ማዶ ተንጫረረ። ሌንሴ ስታቆማት ዝም አለ። ጠባቂው ድገሚልኝ አላት፤ ስትደግም ተንጫረረ። ኦቦ ደበላ ኢሌቲን አዩ፣ አጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ገብቷቸዋል። የበሩን መቃን ያዝኩ። ሊቀመንበሩም ጆሮውን ወደ አጥሩ ጣል አድርጎ ነበር። ያኔ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስብሰባ ላይ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ሰማችሁልኝ? ጥፋቱ የራሱ የሬዲዮው ነው። ጠጋኙ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ቀበሌውን በከንቱ ያደከምኩት እኔ ነኝ፣ ይህንኑ ጻፉልኝ» አሉ። ሊቀመንበሩ ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

በማግስቱ ኦቦ ደበላ ሱቅ መጡ። የባትሪ ድንጋይ ገዙኝና መልሰው ለሌንሴ ሰጧት። ሊወጡ ሲሉ ብቻ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዜናው እስኪያልቅ ታገሺኝ» አሏት። ለእኛ ብለው የተናገሩት ቃል አሁን በእሳቸውም አንገት ላይ ነው። የምፈራው ለራሴና ለልጄ ነበር፤ ዛሬ ለሳቸውም ጭምር ሆነ።

እንግዲህ ኑሯችን ይህ ነው። ዜናው ሲያልቅ ኦቦ ደበላ ሬዲዮናቸውን ቀጭ አድርገው ይዘጉና በአጥሩ ማዶ ሆነው አንዴ ያስላሉ። ሌንሴ ያን ሳል ሰምታ ኢሌቲን ታስነሳታለች። እኔ የግቢው በር ላይ ቆሜ መንገዱን እጠብቃለሁ። ያ ካርቦን የሌለው ሞተርህ የመጣ ቀን ዞር ብዬ አያት ይሆናል። እስከዚያው ጀርባዬን ሰጥቼ በድምፅዋ እከተላታለሁ፤ ዳገቱን ስትወጣ፣ ቦዩን ስትዘል፣ በአራት እግሯ ስታርፍ። የማስታውስህ እንዲህ ነው፣ የሌንሴ አባት፤ ዓይኔ መንገዱ ላይ ሆኖ፣ እየፈራሁ፣ ግን በየቀኑ።

የሌንሴ እናት